የትኛው ነው የኛ?

ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ባለው ኮሌጅ ቅዳሜ ከሰዓት የኮሌጁ ቡድን ቅርጫት ኳስ ሲጫወት፣ ከጫማ ሲጥሲጥታ በቀር የሚሰማ ድምፅ አልነበረም። ቡድኑን የሚያሠለጥነው የስፖርት መምህሩ ላጲሶ ኤርሳዶ ባዶውን የሲሚንቶ ደረጃ ባየ ቁጥር ሆዱ ይባባል። ሰውየው በመዘምራን መካከል ቆሞ ያደገ ነው። ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ግን መዝሙሩን ከንፈሩን ሳይከፍት ነው የሚያንጎራጉረው። ብዙ ሰው ባንድ ድምፅ ሲጮህ መስማት ናፍቆት፣ ተስፋውን ሁሉ እዚያ ሜዳ ላይ ጣለ።

ተማሪው ግን አይመጣም። ጥቂት ሴት ልጆች ብቻ የአጥሩን ብረት ተደግፈው የረዥሙን ተጫዋች የኣፅብሃን ስም እየጠሩ ይሽኮረመማሉ።

በ1979 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የኮሌጁ አስተዳዳሪ ጓድ ዓለምሰገድ ላጲሶን አስጠሩት።

«ተመልካች የሌለው ስፖርት ለማን ነው ጓድ ላጲሶ? የፊታችን ቅዳሜ ሰው ካልመጣ ሜዳውን የግንባታ ብረት ማስቀመጫ እናደርገዋለን።»

ላጲሶ ግራ ገባው። ሰው እንዴት ነው የሚሰበሰበው? በዚያ ዘመን ሰው የሚሰበስብ በር አንድ ብቻ ነበር። ሄዶ የቀበሌውን ሊቀ መንበር ጓድ ቢተውን ለመነ።

«ይሄ ነው ያስጨነቀህ?» አለ ቢተው እየሳቀ። «ሰው ከኛ ዘንድ መች ጠፍቶ!»

ዓርብ አመሻሹ ላይ ድምፅ ማጉያው መንደር ለመንደር ዞረ፦ «ነገ ስምንት ሰዓት ኮሌጁ ሜዳ! የቀረ ወዮለት!» ለምን እንደሆነ ግን አልተናገረም።

ቅዳሜ ደረጃው ጢም አለ። ጃንጥላ የዘረጉ እናቶች፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌዎች፣ ሱቁን ዘግቶ የመጣው አብዱልጀባር፤ ማን ቀረ? ላጲሶ ደስታው አላስቆም አላስቀምጥ አለው። ወደ አጥሩ ዞር ሲል ግን ሴት ልጆቹ የሉም። ቀበሌው ግቢውን ሲያጥለቀልቀው ያዩ ተማሪዎች የውትድርና አፈሳ መስሏቸው በጓሮ በር ውልቅ ብለዋል።

ፊሽካ ተነፋ። ሕዝቡ አጨበጨበ። የእንግዳው ቡድን ልጆች አገቡ፤ አጨበጨበ። የኮሌጁ ልጆች አገቡ፤ ያንኑ ያህል አጨበጨበ፣ ልክ እንደ ስብሰባ። ዳኛው ጥፋት ብሎ ሲያስቆምም ጭብጨባ! ኣፅብሃ ኳሱን እንዳቀፈ ወደ ላጲሶ ዞረ።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?»

«እኔስ መች ገባኝ!»

በዕረፍቱ ላይ፣ የሰፈሩን ሰርግ ሁሉ በዘፈናቸው የሚያደምቁትን ወይዘሮ ሃረገወይንን ጠጋ ብሎ ጠየቃቸው።

«እትዬ፣ ለምንድን ነው ለሁለቱም የምታጨበጭቡት?»

«ምን እናርግ ልጄ? የትኛው ነው የኛ? የነገረን የለ። ላንዱ ብቻ አጨብጭበን ኋላ ጠላት የተባለው እሱ ቢሆንስ?»

«ቀይ የለበሱት ናቸው የኛ። ደግሞ ሌሎቹን ብትሰድቧቸውም የሚጠይቃችሁ የለም። ጨዋታ ነው።»

«እስቲ ማል!»

«ይሙት አባቴ!»

እሳቸው ወደ ሊቀ መንበሩ ሰረቅ አድርገው አዩ። ቢተው ፀሐዩ ጥሞት አንቀላፍቷል።

ጨዋታው እንደቀጠለ ኣፅብሃ ተገፍቶ ወደቀ። ጉልበቱ እየደማ ተነሣ፤ ኳሱንም ከሩቅ ወርውሮ አገባው። ያኔ ሃረገወይን አልቻሉም። ነጠላቸውን አገልድመው ብድግ አሉ፦

*ረዥሙ ልጃችን አገዳ የመሰለው፣*
*ደመና ላይ ወጥቶ ኳሱን የሚጥለው!*

«እሰይ! እሰይ!» ብሎ ደረጃው ተቀበላቸው። ስብሰባው ሰርግ ሆነ። አብዱልጀባር የእንግዶቹን ረዥም ተጫዋች፣ «አንተ የመብራት እንጨት! መብራት ኃይል ይፈልግሃል!» ብሎ ሰውን በሳቅ አፈረሰው። ቢተው በጩኸቱ ደንግጦ ነቃና ምን እንደተባለ ሳያውቅ፣ መፈክር መስሎት፣ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ዘረጋ። ዘፈኑን የሰሙት ሴት ልጆችም አንድ ባንድ ወደ አጥሩ ተመለሱ።

ቀዮቹ ተሸነፉ። ጓድ ዓለምሰገድ ግን ፈክተዋል።

«ግሩም ነው! ከእንግዲህ በየቅዳሜው ቀበሌው ይጥራልን።»

«አይጥራብኝ ጓድ» አለ ላጲሶ።

«ሳይጠሩ ካልመጡስ?»

«ሜዳውን ውሰዱት።»

አፉ እንጂ ልቡ የተናገረ አልመሰለውም። ሳምንቱን ሙሉ ምን ነክቶኝ ነው እያለ ራሱን ሲጠይቅ ሰነበተ። ለምኖ ያስመጣውን ሰው ራሱ መለሰው፤ ግን ያ «እሰይ» ማንም ያላዘዘው ነበር፤ ታዞ ሲመጣ መስማቱን ደግሞ ፈራው።

ቅዳሜ ደረሰ። ደረጃው ባዶ። ብረት የጫነ መኪና በር ላይ ቆሟል። ጨዋታው ተጀመረ። አንድ አውሮፕላን ከላይ ዝቅ ብሎ እያጓራ ወደ ማረፊያው አለፈ። ድምፁ ሲርቅ ከበሩ በኩል ሌላ ድምፅ መጣ።

«ዛሬም ቀዮቹ ናቸው?» ሃረገወይን ናቸው፣ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው። ከኋላቸው ሴት ልጆቹ፣ ከነሱም ኋላ ጓደኞቻቸው።

ላጲሶ «አዎ እትዬ፣ ቀዮቹ!» ብሎ ወደ ደረጃው መራቸው።

ጓድ ዓለምሰገድ መጡ፤ እስከ ግማሽ የሞላውን ደረጃ አዩ፣ መኪናውን አዩ።

«ይሄ ሞላ ይባላል፣ ጎደለ?»

«እኔ እንጃ ጓድ።»

«ለመሆኑ ያ ሹፌር የት ሄዶ ነው? አያራግፍም?»

ላጲሶ በጣቱ ወደ ደረጃው አናት አሳየ። ሹፌሩ ከሃረገወይን ጎን ቆሞ፣ ቁልፉን እያሽከረከረ፣ «ቀዮቹ! ቀዮቹ!» እያለ ይጮሃል።

ጓድ ዓለምሰገድ ሹፌሩን አዩ፣ ሕዝቡን አዩ። ከዚያ ግራ እንደገባቸው ደረጃው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።