የኦቦ ቶላ ጀርባ

ባለፈው ሳምንት ቁም ሣጥኑን ላጽዳ ብዬ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ የካሜራ መያዣ አወረድኩና ክዳኑን ገለጥ ሳደርገው የአሮጌ ቆዳና የናፍታሊን ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ካሜራዋ ራሷ ከተበላሸች ብዙ ዘመን ሆኗታል፣ የት እንደገባችም አላውቅም፣ መያዣው ግን እስከ ማንገቻው ድረስ ምንም ሳይጎድለው ቁጭ ብሏል። ልጄ «ለምን አትጥዪውም?» ትለኛለች፤ እጥለዋለሁ እላትና መልሼ ቦታው አስቀምጠዋለሁ። ያ ሽታ ግን ክፉ ነው፤ ሳልፈልግ እጄን ይዞ ቡራዩ ይወስደኛል፣ ከቡራዩም ከሌላ ከማንም ቤት ሳይሆን ከጫልቱ ቤት ደጅ ያቆመኛል።

ቡራዩን ያኔ፣ በንጉሡ ዘመን፣ ከተማ ብሎ ለመጥራት ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ ለሁለት ይከፍላታል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ አንድ ወፍጮ ቤት፣ አፋቸው የጠበበ ሱቆች፣ ከዚያ ወዲያ ባሕር ዛፍና ማሳ፣ ወደ ላይ ሲወጡ ደግሞ ነፋስ የማይለየው የገፈርሳ ውሃ። አባቴ ከመንዝ መጥቶ መንግሥት መሥሪያ ቤት የተቀጠረ ሰው ነበርና እቤታችን የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነው፤ ከግቢያችን ስወጣ ግን ግማሹን በአማርኛ ጀምሮ ግማሹን በኦሮምኛ የሚጨርስ መንደር ይቀበለኛል፣ እኔም እዚያው ስጫወት ሁለቱንም ሳላውቀው ለመድኩ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ያለፍኩ ጊዜ አጎቴ ጋሽ ተሰማ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ አለቃው ያገኛትን ካሜራ አምጥቶ ሰጠኝ። እናቴ «ለሴት ልጅ የስፌት መኪና ነበር የሚያስፈልጋት» ብላ አጉረመረመች፤ ከሁሉ ቀድማ ነጠላዋን አጣፍታ ፊቴ የቆመችው ግን እሷው ናት።

እኔ ማንሳት የፈለግሁት ከተማዋን ነበር፤ ገበያውን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ከአምቦ የሚመጣውን አውቶቡስ፣ ሰው እንዴት እንደሚውል። ችግሩ ፎቶ መነሳት በእኛ ሰፈር የሠርግ ያህል የከበደ ነገር መሆኑ ነው። ካሜራዋን ያየ ሁሉ ሥራውን ይጥላል፣ ልብሱን ያስተካክላል፣ እጆቹን ከጎኑ ያጣብቅና ትንፋሹን ውጦ ይገተራል። ገበያውን ባነሳ ሻጭም ገዢም ተሰልፎ ይወጣል፤ ወፍጮ ቤቱን ባነሳ ወፍጮው ቆሞ ባለወፍጮው ከነቤተሰቡ በሩ ላይ ይገኛል፤ አንድ ቀንማ የአውቶቡሱ ሹፌር ካሜራ መያዜን አይቶ መኪናውን አቆመና ተሳፋሪውን በሙሉ አስወርዶ አሰለፈልኝ፣ ዶሮ የታቀፈ ሰውዬም ነበረበት፣ ዶሮዋም እንደ ሰዉ ቀጥ ብላ ነበር። እግር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ፎቶ ላይ እግሩ ያልታየ ሰው እንደተቆረጠ ነው የሚቆጥረው፤ እትዬ አስካለ የሚባሉ ጎረቤታችን ፎቷቸው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ስላለቀባቸው እቤት ድረስ መጥተው «ልጅሽን ምን በደልኳት?» ብለው ለእናቴ ከሰውኛል።

ፎቶዎቹ ፒያሳ ታጥበው ሲመጡ ይዣቸው ቤት ለቤት እዞራለሁ፤ ሁሉም «እሰይ!» «እጅሽ ይባረክ!» ይለኛል። የሰውን ጉድለት ፊት ለፊት መንገር ነውር በሆነበት አገር ሌላ ምን ሊሉኝ፤ ይሉኝታ ሁሉንም አስሯቸዋል፣ ጫልቱ ስትቀር። ጫልቱ የክፍል ጓደኛዬ፣ ከመንገዱ ገባ ብለው ከድሮ ጀምሮ ሲያርሱ የኖሩ ሰዎች ልጅ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ እውነቱን ካልተናገረች የሚያንቃት ዓይነት ነበረች። ፎቶዎቼን ነጠላዋ ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ አየችና «ዘኒ፣ ይሄ ቡራዩ ነው ወይስ የወታደር ሰልፍ?» አለችኝ። «ሁሉም አንቺን ነው የሚያዩት። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ምን ሲሠሩ ነበር?»

አኮረፍኳት። ቅናት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፣ ትምህርት ቤትም ቦታ ቀየርኩ። ግን አንዴ ከተናገረችው በኋላ ፎቶዎቹን ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ ሰልፍ ብቻ ሆነ፤ ይህ ይበልጥ አናደደኝ፣ በመጨረሻም ያው ወደ እሷ መለሰኝ። ከዚያ ወዲያ ፎቶ በታጠበ ቁጥር ገፈርሳ ዳር ሣሩ ላይ ቁጭ እንላለን። የጫልቱ ሕግ ፎቶውን ያነሳ ሰው አፉን እንዲዘጋ ነው፤ «ፎቶው ያላለውን አንቺ አትጨምሪለት» ትለኛለች። እሷ መጀመሪያ ዓይኗ የት ላይ እንዳረፈ ትነግረኛለች፣ ቀጥላ በመዳፏ ግማሹን ትሸፍንና ምን እንደጎደለ ትጠይቃለች፤ ምንም ካልጎደለ የተሸፈነው ትርፍ ነው። መጥፎ ነው ብላ ብቻ ትታኝ ግን አታውቅም፤ ከመጥፎው ቀጥሎ ሁልጊዜ የምታሳየኝ መንገድ ነበራት። «ወፍጮ ቤቱ ጋ ካሜራሽን ይዘሽ ዝም ብለሽ ዋይ። ይሰለቹሻል፣ ያኔ አንሺ» አለችኝ። እውነትም ሰለቹኝ፤ ሽፋሽፍቷ በዱቄት የነጣ ሴት ልጇን ስትቆጣ፣ የእንጨት ጭነት ላይ የተኛ ሰው፣ ከተማዋ ቀስ በቀስ ወደ ፎቶዎቼ መግባት ጀመረች።

የጫልቱ አባት ኦቦ ቶላ እያረሱና ባሕር ዛፍ እየቆረጡ የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ግቢያቸው ስደርስ «አከም ጂርታ፣ ኢንተለ ኮ» ይሉኛል፣ እንደምን አለሽ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ከዚያ ወደ አማርኛ ይሻገሩና «እኔንስ መቼ ነው የምታነሺኝ?» ይላሉ። በዕድሜያቸው ፎቶ ተነስተው አያውቁም። እኔ እንደ ቀልድ ይዤው ነበር፤ አንድ ቀን ግን መጥረቢያቸውን እየሳሉ ነገሩን ዘርዝረው አስረዱን። አባታቸው የሞቱት እሳቸው ገና በእናታቸው ሆድ ሳሉ ነው። «ምን ይመስል ነበር ብዬ ስጠይቅ አንዱ ቀይ ነው ይላል፣ አንዱ ጠይም ነው ይላል። የአባቴን ፊት ሳላውቅ አረጀሁ። የእናንተ ልጆች እኔን እንዲህ እንዲፈልጉኝ አልፈልግም» አሉ። እኔም ከያዝኩት ፊልም የመጨረሻዋን ለእሳቸው እንደማስቀር ቃል ገባሁ።

ሰኔ መግቢያ ላይ ሄድን። ጫልቱ «አባቴን እኔ ላንሳው» አለች፤ ተገቢ ነው ብዬ ካሜራዋን ሰጠኋት፣ አንዲት ብቻ እንደቀረችም ነገርኳት። ኦቦ ቶላን ከቆረጣ ሲመለሱ አገኘናቸው፤ ደስ አላቸው። «በዚህ ልብስማ አይሆንም፣ በርኖሴን ልልበስ» አሉና መጥረቢያቸው ትከሻቸው ላይ እንዳለ፣ ውሻቸው ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለ፣ በሁለት ረድፍ ባሕር ዛፍ መካከል ወደ ቤት አቀኑ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በዛፎቹ መሐል ሾልካ መንገዱ ላይ አርፋለች፣ እርጥቡ ቅጠል ይሸታል። ጫልቱ ትንፋሿን ያዘችና የካሜራዋን ቁልፍ ተጫነችው። «ምን አደረግሽ?» ብላት «ተይኝ፣ እንዲህ ሆኖ ዳግመኛ አይገኝም» አለች፤ ዓይኗ በርቶ ነበር። ትንሽ ቆይተው ኦቦ ቶላ እግራቸውን ታጥበው፣ በርኖሳቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወጡና በሩ አጠገብ ቀጥ ብለው ቆሙ። ፊልሙ ማለቁን የነገረቻቸው እሷው ናት። ሳቅ አሉና «እንግዲህ ለሌላ ጊዜ» አሉ፤ ግን ወዲያው አልገቡም፣ ከለበሱ አይቀር ብለው ነው መሰለኝ ጥቂት ቆመው ቆዩ።

ፎቶው ከሁለታችን እጅ ከወጣው ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ ዛሬም እንዲያ ነው የማምነው። የመናገር ተራው የእኔ ስለሆነ በእሷው ሕግ ሄድኩ፤ ዓይኔ መጀመሪያ መጥረቢያው ላይ እንዳረፈ፣ ከዚያ በመንገዱ ተከትሏቸው እንደሄደ፣ የቱንም ቦታ ብሸፍን የሚጎድል ነገር እንዳለ ነገርኳት። በመጨረሻ «በጣም ጥሩ ነው። የጠየቁሽ ግን ይህን አይደለም» አልኳት። ጫልቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕጓን አፈረሰች፤ «አሁን የምናየው ፎቶውን ነው ወይስ የጠየቀውን?» ብላ ጮኸችብኝ። ኦቦ ቶላ ፎቶውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ተመለከቱ። «በዚህም በኩል የለሁም» አሉና ሳቁ፣ እኛም ሳቅን። «መንገዱ የእኔ ነው፣ ውሻውም የእኔ ነው። ፊቴን ብቻ አስቀረሽው» አሏት። ቁጣ የለበትም፤ ጫልቱ ግን አንገቷን ደፋች።

ክረምቱ ገባ። ፊልም የሚያመጣልን ጋሽ ተሰማ ለሥራ ጅማ ተልኮ ስለነበር እስከ መስቀል እንጠብቅ ተባባልን፤ ኦቦ ቶላም በርኖሱም እስከዚያ ይታጠባል ብለው ተስማሙ። ነሐሴ ላይ ደረታቸውን ያዛቸው፤ ሳምንት እንኳ ሳይቆዩ ሞቱ።

ያኔ ፎቶ ያለው ሰው ሲሞት ፎቶውን ይዞ፣ ለለቀስተኛው እያሳዩ ማልቀስ ተለምዶ ነበር። ከሱሉልታ የመጡት እህታቸው ድንኳኑ መሐል ቆመው «የወንድሜ ፎቶ የታለ?» አሉ። ጫልቱ እጄን ያዘችኝ። እናቷ አዴ ወርቂቱ ከጓዳ ይዘውት ወጡና ከፍ አደረጉት። ሰው ሁሉ ፊታቸውን ሊያይ አንገቱን አሰገገ፤ ያየው ትቶት የሚሄድ ሰው ነው። አዴ ወርቂቱ ፎቶውን ወደ ራሳቸው አዞሩና በቀስታ፣ ደጅ ያለ ባላቸውን እንደሚጠሩ ሁሉ፣ «ቶላ፣ ገረ ኮቲ ገረገሊ» አሉት። ወደ እኔ ዙር ማለት ነው። ደጋግመው አሉት። ብዙ ለቅሶ ደርሻለሁ፤ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ ግን አይቼ አላውቅም። ጫልቱ እጄን ለቃ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ስለ ፎቶ አንዲት ቃል አልወጣትም። አዳዲሶቹን ባሳያት አየት አድርጋ ትመልስልኛለች። እኔም ለጥቂት ጊዜ ታገልኩ፤ ነገር ግን ዓይኗ የት እንዳረፈ የምትነግረኝ ሰው ከሌለች ማንሳቱ ምን ዋጋ አለው፤ ቀስ እያልኩ ተውኩት። ባሕር ዛፉ ተቆርጦ ቤት በቤት ሆኗል፣ መንገዱም ሰፍቷል፤ ይህ ሁሉ ይሁን፣ ከተማ ያድጋል። እኔን የሚቆጨኝ በሕይወቴ ውስጥ ሳልለምናት እውነቱን ትነግረኝ የነበረች አንዲት ሰው እዚያ ድንኳን ደጃፍ ላይ መቅረቷ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሱሉልታ ሠርግ ላይ ተገናኘን፤ ሁለታችንም ሸብተናል። ከጫጫታው ፈቀቅ ብለን ተቀምጠን ሳለ የልጅ ልጆቿ ስለ ቅድመ አያታቸው መልክ እንደሚጠይቋት ነገረችኝ። «ፊቱ ጠፋብኝ፣ ዘኒ» አለች። «ድምፁን እሰማዋለሁ። ዓይኔን ስጨፍን ግን የሚመጣልኝ ያ ጀርባው ነው። አንቺ ታስታውሺው የለ? ምን ይመስል ነበር?» እኔም ፈለግኋቸው። መጥረቢያው መጣልኝ፣ ውሻው መጣልኝ፣ መንገዱ ላይ የወደቀው ብርሃን መጣልኝ፤ ፊታቸው ግን የለም። ይህንኑ ልነግራት አፌን ስከፍት ገባት፤ ያቺ ውሸት የማይዋጥላት ጫልቱ ክንዴን ጨብጣ «ፈጥረሽም ቢሆን ንገሪኝ» አለችኝ።

ከዓይናቸው ጀመርኩ።