ሦስቱ የክብሩ ሰዓቶች

ክብሩ ሦስት የእጅ ሰዓት ይዞ ይዞር ነበር። አንዱን በቀኝ እጁ፣ አንዱን በግራ እጁ ያስራል፤ ማሰሪያው የተበጠሰውን ሦስተኛውን በሸሚዙ የደረት ኪስ ይከተዋል። በአርባ ምንጭ ሙቀት ሌላው ሰው እጅጌውን የሚሰበስበው አየር ፍለጋ ነው፤ ክብሩ የሚሰበስበው ሰዓቶቹ እንዲታዩለት ነበር። መንገድ ላይ «ስንት ሰዓት ነው?» ያለው ሰው ቶሎ መልስ አያገኝም። ክብሩ ሰዓቱን ከማየቱ በፊት ጠያቂውን ከእግር እስከ ራሱ ያየዋላ!

ሀብታም እንዳይመስላችሁ። በላይኛው ከተማ በሴቻ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ሰዓት ተቆጣጣሪ ነበር። ዘመኑ ሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። እኔ ካሱ እዚያው መዝገብ ቤት እሠራ ነበር፤ የገባውም የወጣውም ደብዳቤ ግልባጩ እኔ ዘንድ ይቀመጣል። ስለዚህ የምነግራችሁ ከወረቀት አይቼ ነው፤ ከክብሩ እጅ አይቼ አይደለም።

ጠዋት ጠዋት ክብሩ በሩ አጠገብ ትንሿን ጠረጴዛውን ይዞ፣ የፊርማ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ ጥቁርና ቀይ እስክሪብቶ ደርድሮ ይቀመጣል። ሥራ የሚጀመረው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እስከ ሁለት ከሩብ የደረሰ በጥቁር ይፈርማል፤ የዘገየ ስሙ ላይ ቀይ ይሰመርበታል። ቋሚ ሠራተኛ ቀይ ሲበዛበት ቁጣ ሰምቶ ይመለሳል። ጊዜያዊ ሠራተኛ ግን ሦስት ቀይ ካገኘ ይሰናበታል።

ታዲያ ሁለት ከሩብ የሚሆነው በየትኛው ሰዓት ነው? የክብሩ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። የቀኝ እጁ፣ ከሞያሌ በኮንትሮባንድ የመጣው፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀድማል። የግራ እጁ፣ አማቱ ለሠርጉ የሸለሙት ወርቃማው፣ ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ተበላሽተው አይደለም፤ ራሱ ነው እንዲያ የሞላቸው። ሹም ሲገባ ግራውን ያያል፤ ጽዳት ሠራተኛ ስትገባ ቀኙን። የኪሱን በየጠዋቱ በሬዲዮ ያስተካክለዋል፤ ለማንም ግን አያወጣውም። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የነበረው ትክክለኛ ሰዓት እሱ ብቻ ነበር።

እኔ የግራ እጅ ሰው ነበርኩ። ሹም ሆኜ አይደለም። የሚስቴ ወንድም ኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ ማሳ ስላለው ሰኞ ሰኞ አንድ ዘለላ ሙዝ አምጥቼ ከክብሩ ጠረጴዛ ሥር አስቀምጥ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ያን ጊዜ የሚከብደኝ ሙዙን መሸከሙ ብቻ ነበር።

ልክነሽ ግን ሙዝ የሚያቀብላት አልነበራትም። የመሥሪያ ቤቱ ብቸኛ ታይፒስት ነበረች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ጊዜያዊ። ትውልዷ ዶርዜ፣ ኑሮዋ ታችኛው ከተማ ሲቀላ። ባሏ ሞቶባት ሁለት ሴቶች ልጆቿንና እናቷን በዚያች ደመወዝ ታኖራለች፤ ሌላ ገቢ የላቸውም። ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚወጣው ሚኒባስ ካልሞላ አይነቃነቅም፤ ስለዚህ ሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ላይ ትደርሳለች፤ በሕጉ የሚፈቀድ ነው። በክብሩ ቀኝ እጅ ግን አንዳንዴ ያልፋል። አንድ ቀይ እንዲህ አገኘች።

ሁለተኛውን ያገኘችው አንድ ማክሰኞ ነው። የዚያን ዕለት የፋይናንስ ኃላፊው አቶ ጌታነህ መኪናቸው ጋራዥ ገብታባቸው በሚኒባስ መጡ፤ ከልክነሽ ጎን ተቀምጠው፣ ጉልበታቸው ከዘንቢሏ ጋር እየተጋጨ። አብረው ወረዱ። አብረው ገቡ። እንዲያውም በሩን የከፈተችላቸው እሷ ናት። ክብሩ ብድግ ብሎ ግራ እጁን አየ።

«እንደምን አደሩ አቶ ጌታነህ! አንድ ከአርባ።»

አቶ ጌታነህ ፈረሙ። ልክነሽ እስክሪብቶውን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ ክብሩ ቀኝ እጁን አየ።

«ሁለት ከሃያ ሁለት» አላት።

«አቶ ክብሩ፣ አብረን እኮ ነው የመጣነው። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን!»

«ወንበር አልቆጣጠርም። እኔ የተቀጠርኩት ሰዓት ልቆጣጠር ነው።»

ልክነሽ ወደ አቶ ጌታነህ ዞረች። እሳቸው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጡ ወጥተው ነበር። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ሁሉንም አይቻለሁ። ተራዬ ሲደርስ አንድ ከአርባ አንድ ብዬ ፈረምኩና ወደ ቢሮዬ ገባሁ።

በዚያው ወር ግምገማ ነበር። ያን ዘመን የኖረ ያውቀዋል፤ ሠራተኛው ተሰብስቦ አንዱ ያንዱን ድክመት ያወጣል፣ እያንዳንዱም ተነስቶ ግለ ሂስ ያደርጋል። ክብሩ ተነሳና «የእኔ ድክመት ከሥራ ብዛት የተነሳ ሰዓቶቼን በየቀኑ አለመወልወሌ ነው» ብሎ ተቀመጠ። ጥቂት ሰው አጨበጨበለት። ከዚያ ልክነሽ እጇን አወጣች።

«ባለፈው ማክሰኞ እኔና አቶ ጌታነህ በአንድ መኪና መጣን። ወረቀቱ ላይ ግን እሳቸው በአርባ ሁለት ደቂቃ ይቀድሙኛል። የት ወርደው ነው የቀደሙኝ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አቶ ጌታነህና ሰብሳቢው ኃላፊያችን አቶ ገነነ። ስለ አቶ ገነነ ትንሽ ልንገራችሁ። እሳቸውም ሰዓት ነበራቸው፤ ባትሪው ካለቀ ሁለት ዓመት ያለፈው፣ ለአምስት አሥር ጉዳይ ላይ የቆመ። እሱን እያዩ «ጊዜ የለንም፣ ቶሎ በሉ» ይላሉ። ደብዳቤም ሲቀርብላቸው ጊዜ ስለሌላቸው ሳያነቡ ይፈርማሉ። አንድ ጊዜ በስህተት ፋይል ውስጥ የገባ የሠርግ መጥሪያ «ለሚመለከተው ይመራ» ብለው ፈርመውበት መልሰውልኛል።

አቶ ገነነ የቆመ ሰዓታቸውን አዩና «ነጥቡን እንያዘው» አሉ። «የተነሳው የሰዓት ብዛት ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ስንት ሰዓት ሊኖረው ይገባል? በዚህ ላይ ተወያዩ።»

ተወያየን! ልክነሽ የጠየቀችው ሌላ፣ እኛ የተወያየነው ሌላ፣ ያውም ሁለት ሰዓት ሙሉ። የሠራተኛ አስተዳደሩ ናትናኤል፣ በጸሎት ቤታቸው መዘምር የሆነው፣ «አንድ ልብ ላለው ሰው አንድ ሰዓት ይበቃዋል» አለ። «አንተስ ቤትህ ሌላ የለህም?» ቢሉት «የእሁዱ አይቆጠርም» ብሎ ተቆጣ። አቶ ጌታነህ ሁለት ይሁን አሉ፤ አንዱ ቢቆም ሌላው መጠባበቂያ ነው። የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ ማሚቱ ደግሞ «የግል ንብረት እኮ ነው! ነገ ደግሞ ስንት ነጠላ አለሽ ልትሉኝ ነው?» ብለው ሊወጡ ተነሱ። ክብሩ መሐል ተቀምጦ፣ ሁለቱን እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ እንደ ሙሽራ ፊቱ ፈክቷል። ስለ ሰዓቶቹ ይህን ያህል ሰው ሲያወራ በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም።

እኔን «አቶ ካሱስ?» ሲሉኝ «ከብዙሃኑ ጋር ነኝ» አልኩ።

በመጨረሻ እንዲህ ተወሰነ፤ የአንድ ሠራተኛ ሰዓት ከአንድ ያላነሰና ከሦስት ያልበለጠ ይሁን፣ ዝርዝሩ ወደፊት በጥናት ይታይ። ቃለ ጉባኤውን የጻፈችው ልክነሽ ናት። ስለ ሚኒባሱ ነገር አንድ መስመር እንኳ እንዳትጽፍ ተነገራት።

ክብሩ ግን ቂም ያዘ። «ሰው ፊት አዋረደችኝ» ይል ነበር ሙዙን እየላጠ። የቀኝ እጁን ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ወደ ሃያ አምስት አስቀደመው። ልክነሽም ሁለት ቀይ ይዛ ሚኒባስ ማመን ስላልቻለች በእግሯ መውጣት ጀመረች። አሥራ ሁለት ከአርባ ላይ ከቤቷ ትነሳለች፤ ያን ዳገት በላስቲክ ጫማ ትወጣዋለች፤ ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ላብ ከአገጯ ይንጠባጠባል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ከረመች። አንድ ሐሙስ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ጭቃ ሆነባትና ትንሽ ዘገየች። ስትገባ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ቀይ አፈር ነበር።

ክብሩ ቀኝ እጁን አየ። «ሁለት ከሃያ።»

ስሟ ላይ አሰመረ። ቀስ ብሎ፣ በማስመሪያ።

አለቀሰች ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ እኛም ያን ጊዜ እናዝንላትና ቀለል ይለን ነበር። አላለቀሰችም። ጭቃውን ከጫማዋ አራግፋ ወደ ታይፕ መኪናዋ ሄደች። አቶ ገነነ ሁለት ከሠላሳ አምስት ላይ ደረሱ፤ በግራ እጅ ሁለት ከአምስት መሆኑ ነው፣ ጥቁር። ነገሩ ተነገራቸውና ስንብቷ እንዲጻፍ አዘዙ። ናትናኤል ረቂቁን በእጁ ጽፎ፣ ዓይኗን ላለማየት ወደ መስኮቱ እያየ ሰጣት። ሌላ ታይፒስት የለማ። የራሷን የስንብት ደብዳቤ ራሷ ልትጽፈው ነው።

ልክነሽ ረቂቁን ይዛ ወደ በሩ ተመለሰች። ባለጉዳይ ተሰልፎ ነበር፤ እኔም ፖስታ ልቀበል እዚያው ቆሜያለሁ።

«አቶ ክብሩ፣ እዚህ ክፍት ቦታ አለ። የገባሁበት ሰዓት ይሞላ ይላል።»

«ነገርኩሽ እኮ። ሁለት ከሃያ!»

«በቀኙ ነው?»

«አዎ፣ በቀኙ።»

«በግራውስ ስንት ነበር?»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይነቃ ነበር። ክብሩ ግን በሥራ ዘመኑ ስለ ሦስቱም ሰዓቶቹ በአክብሮት የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ያውም ባለጉዳይ እየሰማ። ደረቱን ነፋ።

«በግራው አንድ ከሃያ አምስት። በኪሱ ደግሞ» አለና አውጥቶ አሳያት፣ «ለሁለት አምስት ጉዳይ ነበር። እኔ የሦስቱንም ልዩነት በቃሌ ነው የማውቀው!»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ገባች። ከተሰለፉት አንዲት ሴትዮ ሣቀች። ክብሩ አድናቆት መስሎት አንገቱን ዝቅ አደረገላት።

የደብዳቤው ግልባጭ ከሰዓት በፊት ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። ፊርማው የአቶ ገነነ፣ ማኅተሙ ድምቅ ያለ። እንዲህ ይላል፦ «በዛሬው ዕለት በአቶ ክብሩ የቀኝ እጅ ሰዓት ሁለት ሰዓት ከሃያ፣ በኪሳቸው ሰዓት ለሁለት አምስት ጉዳይ፣ በግራ እጃቸው ሰዓት አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ በመግባትዎ፣ ለሦስተኛ ጊዜ በማርፈድ ጥፋት ከሥራ የተሰናበቱ መሆኑን እንገልጻለን።» ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድም የፊደል ስህተት የለበትም። ደረጃውን ሮጬ ወጥቼ «ምን ላይ እንደፈረሙ ያውቃሉ?» ልላቸው እችል ነበር። ቁጥር ሰጥቼ ወደ ፋይሉ አስገባሁት። ዝም በማለት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያቺ አንዷ ዝምታዬ ብቻ ለሰው ጠቀመች።

ልክነሽ ደብዳቤውን ይዛ ወደ ቅሬታ ሰሚዎች ሄደች። አንብበው መጀመሪያ እንደሳቁ፣ ከዚያም ሳቃቸው እንደቆመ ሰማሁ። አርባ ቀን ያህል ከቤት ዋለች፤ በነዚያ ቀኖች ልጆቿ ምን እንደበሉ ከእኛ የጠየቀ የለም። ከዚያ ውሳኔው መጣ። ቀዮቿ ተሰርዘው ወደ ሥራዋ ትመለስ፤ በሩ ላይ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ይሰቀል። መጨረሻው ላይ እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «ሠራተኛው የፈለገውን ያህል ሰዓት ሊኖረው ይችላል። ለመሥሪያ ቤቱ ግን አንድ ይበቃዋል።» እኛ ሁለት ሰዓት ተሰብስበን ያቃተንን በሁለት መስመር ጨረሱት።

የግድግዳው ሰዓት በተሰቀለ ማግስት አቶ ገነነ ቀይ ሆኑ። አቶ ጌታነህ ቀይ ሆኑ። እኔም ቀይ ሆንኩ። ክብሩ ያሰመረው ብድግ ብሎ ቆሞ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ሰዓቶቹን ሁሉ ፈትቶ መጣ፤ ሁለቱ እጆቹ ላይ ፀሐይ ያላያቸው ነጣ ያሉ ቀለበቶች ቀሩ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሰዓት ለሚጠይቀው ሰው መልሱ አንድ ነበር። «ሄደህ ግድግዳውን እይ።»

እኔም ሙዜን ቤቴ እየበላሁ፣ አሥራ ሁለት ከአርባ ላይ ከምኖርበት ከሲቀላ እየተነሳሁ ዳገቱን በእግሬ መውጣት ጀመርኩ። ሚኒባስ እንደገና ያላመነችው ልክነሽ ሁልጊዜ ከፊቴ ናት። አንድ ጠዋት እያለከለክሁ ደረስኩባት።

«ልክነሽ፣ ያን ማክሰኞ ከኋላሽ ቆሜ ነበር። መናገር ነበረብኝ።»

«አውቃለሁ ጋሽ ካሱ» አለችኝ ሳትዞር። «አንድ ከአርባ አንድ ብለው ፈረሙ።»

እርምጃዋን አልቀነሰችልኝም።