በይደር የተያዘ ማቆሚያ

ሰይፈሚካኤል ሱቄን ከለመደ ወዲህ ያለችኝ አንድ ደህና ወንበር የኔ መሆኗ ቀርቷል። ከሥራ እንደወጣ ከባሕሪ እዚህ ካርቱም ጀብራ ድረስ ሁለት አውቶቡስ ቀያይሮ ይመጣል፣ በግማሽ አፉ ሰላም ይለኛል፣ ላፕቶፑን ፎቶኮፒ ማሽኔ ላይ ይዘረጋል፤ ከዚያ በኋላ ሰውዬው የለም። ደንበኛ ቢገባ አያይ፣ ሻይ ቢቀመጥለት ካልቀዘቀዘ አይጠጣ። "ሰይፉ፣ አንተ ቤት የለህም?" ስለው፣ "አርካዊት ኢንተርኔቱ ደካማ ነው ጋሼ" ይለኛል። ውሸቱን ነው። ብቻውን መሆን ስለሚከብደው ነው የሚመጣው፤ እኔም ይህን ስለማውቅ ነው ወንበሬን የተውኩለት።

ዕድሜው አርባን ተሻግሯል። አገር ቤት ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምር ነበር፤ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ስሙ ከሚፈለጉት ጋር ተጽፏል ሲባል በመተማ በኩል ወጣ። ሦስተኛ አገር ይወስዱኛል ብሎ ላመለከተበት ፋይል ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሚሰጠው መልስ "ጠብቅ" ነው። ባሕሪ ውስጥ ለዱቄት ፋብሪካዎች የመኪና ሚዛን የሚገጥም አንድ ትንሽ ድርጅት ቀጠረውና የሚዛኑን ፕሮግራም የሚጽፈው እሱ ሆነ። አለቃው ኢሳ የሚባል ደግ ሱዳናዊ ነው፤ "ያ ኡስታዝ"፣ መምህር ሆይ እንደማለት፣ ብሎ ነው የሚጠራው። ሰይፉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር፣ እስከዚያች ጁምዓ ድረስ።

እኔ ገብረየስ እባላለሁ። ድሮ የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ፤ አሁን ስልክ አስደውላለሁ፣ ፎቶኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ማንም ያልቀጠረኝ ሌላ ሥራም አለኝ፤ ደብተር እይዛለሁ።

ደብተሩ የመጣው እንዲህ ነው። ልጃቸው በሱዳን በኩል ሊቢያ ሊገባ መውጣቱን የሰሙ እናቶች የሱቄን ቁጥር ከጎረቤት ጎረቤት እየተቀባበሉ ይደውሉልኛል። "ልጄ ካርቱም ሳይገባ አይቀርም፤ እባክህ ወንድሜ፣ ሲመጣ አቁመህ አገናኘኝ" ይሉኛል። ልጁ ገና አልደረሰም። ምናልባት ገዳሪፍ ነው፣ ምናልባትም ከመተማ አልተነሳም። እኔ ስሙን ጽፌ እጠብቃለሁ። ልጆቹ የሚያርፉባቸው ቤቶች ሦስት ናቸው፤ አንዱ ጀብራ እኔ አጠገብ፣ አንዱ አርካዊት ሀይሉ ዘንድ፣ አንዱ ደግሞ ባሕሪ የወይንሸት ምግብ ቤት ጓሮ። ዘወትር ጁምዓ ጠዋት ለሀይሉና ለወይንሸት ደውዬ ያልተሰረዙትን ስሞች አነብላቸዋለሁ። ስሙ የተነበበ ልጅ ብቅ ሲል ስልክ ያቀብሉታል። ልጆቹ በራሳቸው አይደውሉም፤ እናታቸው እንደምታለቅስባቸው ያውቃሉ። ካነጋገራት በኋላ ስሙን በቀይ እስክሪብቶ እሰርዛለሁ። እኛ ልጅ አናስቀርም፤ ከስልኩ በኋላ የሚመለሰው ይመለሳል፣ የሚሄደውም ይሄዳል። ሳያነጋግራት ግን እንዳይሄድ ነው።

በ2007 ዓ.ም. ኅዳር ላይ እትዬ ሸዋዓለም የሚባሉ ሴት ከወረታ ደወሉ። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው፣ አንተነህና ታናሹ ያረጋል፣ ተነጋግረው ወጥተዋል። ወንድማማቾች ደግሞ በአንድ መኪና አይሄዱም። አንዱ በረሃ ቢቀር አንዱ ለእናት ይትረፍ ብለው ገዳሪፍ ላይ ይለያያሉ፤ ከዚያ በየፊናቸው ነው ካርቱም የሚገቡት። "ሁለቱንም አቁምልኝ፤ ድምፃቸውን ሳልሰማ በረሃ እንዳይገቡብኝ" አሉኝ። እኔም ጻፍኩ። "የሸዋዓለም ልጆች፣ አንተነህ እና ያረጋል።" በአንድ መስመር። እናታቸው አንድ፣ ስልኩ አንድ፣ መልእክቱ አንድ፤ ለምን ወረቀት አባክናለሁ?

ከሳምንት በኋላ አንተነህ በራሱ እግር ሱቄ ገባ። ስሙን ጠየቅሁት፣ ነገረኝ፣ ስልኩን ሰጠሁት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እሱም እዚህ እሳቸውም እዚያ አለቀሱ። ሲጨርስ ዓይኑን ጠረገና፣ "ኸላስ በቃ፣ አልሄድም ጋሼ፤ እዚሁ ሹግል፣ የቀን ሥራ እፈልጋለሁ" አለኝ። በማግስቱ እኛ ሰፈር በሚሠራ ሕንፃ ላይ ብሎኬት መሸከም ጀመረ። "ወንድሜስ?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። የሁለቱም ስልክ ጠረፍ ላይ ስለተወሰደባቸው የሚገናኙበት መንገድ አልነበራቸውም። "ስሙ ደብተሩ ላይ ነው፤ ከየትኛውም ቤት ቢገባ ይያዛል፣ አይዞህ" አልኩት። ደስ ብሎት ወጣ። እኔም ደስ ብሎኝ ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁና እንደ ልማዴ መስመሩን ሰረዝኩ።

በዚያው ሰሞን ሰይፉ ከዲበገር ጋር ተጣልቶ ነበር። ዲበገር ማለት ሌላ ፕሮግራም ሲታመም የሚመረመርበት ፕሮግራም ነው አለኝ። የሆነ ቦታ ላይ ማቆሚያ ታኖራለህ፤ ፕሮግራሙ ሲሮጥ ቆይቶ እዚያ ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ ውስጡን ታያለህ፤ ከዚያ ሂድ ትለዋለህ። የሚዛኑ ሥራ ሁለት ፕሮግራሞች ነበሩት፤ አንዱ ይመዝናል፣ አንዱ ደረሰኝ ያትማል። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ የሚያትመው ይሞታል። ሰይፉ ሁለቱንም በአንድ ዲበገር ሥር አድርጎ ማቆሚያ አኖረ። የሚመዝነው ቆመ። የሚያትመው ግን ሳይቆም አልፎ ሄደና ሞተ። ሃያ ጊዜ ሞከረ፤ ያው ነው።

የሚዛኑን ችግር በሌላ መንገድ በሁለት ቀን ፈትቶ ለኢሳ አስረክቧል። ለሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ሰይፉ ግን ጥፋቱ የሱ ሳይሆን የዲበገሩ መሆኑን ሲያውቅ ሰላም አጣ። ዲበገሩን የሚጽፉት በየአገሩ ያሉ ሰዎች ናቸው፣ በነፃ እየተጋገዙ፤ ስህተት ያገኘ ሰው አርሞ መላክ ይችላል። አሜሪካ ሱዳን ላይ በጣለችው ማዕቀብ የተነሳ አንዳንዱ ነገር ከካርቱም ስለማይወርድ ጂዳ ያለ ጓደኛው ዲበገሩ የተጻፈበትን ኮድ በፍላሽ በሰው እጅ ላከለት። ሁለት ሳምንት ፎቶኮፒ ማሽኔ ላይ ተደፍቶ ያንን አነበበ። "ለመሆኑ ማን ለመነህ?" እለዋለሁ። "የሆነ ቦታ የሆነ ሰው እንደኔ ማቆሚያ አኑሮ እየጠበቀ ነው ጋሼ፤ ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው" ይለኛል። ይኼ ሰው ሚስት ቢኖረው ይሻለው ነበር እላለሁ በሆዴ።

በታኅሣሥ ውስጥ በአንዱ ጁምዓ ጠዋት ለሀይሉና ለወይንሸት ስሞቹን አንብቤ ደብተሩን እንደተከፈተ ትቼዋለሁ። ጁምዓ ሥራ ስለሌለው በጠዋቱ የመጣው ሰይፉ ከወንበሬ ዘሎ ተነሳና "አገኘሁት!" ብሎ ጮኸ። መታወቂያ ፎቶኮፒ ልታስነሳ የመጣች ሴት ደንግጣ ወደ በሩ ሸሸች።

"ምኑን?"

"ለምን እንደማይቆም! ና ልንገርህ ጋሼ።"

ካልሰማሁት እንደማይተወኝ ስለማውቅ እሺ አልኩት። ሁለት የሻይ ብርጭቆዎች አምጥቶ ደብተሬ አጠገብ አቆመ።

"እነዚህ ሁለቱ ፕሮግራሞች ናቸው እንበል። ማቆሚያውን የማኖርበት ቦታ መጀመሪያ ላይ በሁለቱም ውስጥ የለም፤ ሥራ ከጀመሩ በኋላ ነው ከሌላ ፋይል የሚያመጡት። ስለዚህ ዲበገሩ 'ይህ ቦታ ገና አልደረሰም፤ በይደር ልያዘው?' ብሎ ይጠይቀኛል። 'ያዘው' እለዋለሁ፤ መዝገቡ ላይ ይጽፈዋል።" አንዱን ብርጭቆ ወደ ፊት ገፋ አደረገ። "ይኼኛው ቦታውን አመጣ፤ አቆመው። ጎሽ! ከዚያስ ምን አደረገ? 'ይህ ማቆሚያ ቦታውን አግኝቷል' ብሎ ከይደር መዝገቡ ሰረዘው። ለሁለቱም የጻፈው አንድ መስመር እኮ ነው ጋሼ! አንዱ ስለቆመ የሁለቱንም ሰረዘ። ሁለተኛው ሲመጣ ማን ይጠብቀዋል? ማንም። ዝም ብሎ ያልፋል።"

"እና ምን አደረግህ?"

"ለየራሳቸው እንዲጽፍ አደረግሁ። አንደኛው ቢቆምም ሁለተኛው እስኪመጣ ድረስ የሱ ማቆሚያ በይደር ይቆያል። ከዚህ በላይ ምንም አይደለም።"

ብርጭቆዎቹን እያየሁ ነበር። ዓይኔ ከብርጭቆው ወደ ደብተሩ ወረደ። ቀዩ መስመር ከ"አንተነህ" ይነሳና "እና"ን አልፎ፣ "ያረጋል" ላይ ነው የሚያበቃው። ክው አልኩ። ያንን ስም ሁለት ጁምዓ አላነበብኩትም፤ አሁን ጠዋትም አላነበብኩትም። አንተነህን ደግሞ አይዞህ ብዬዋለሁ።

ለወይንሸት ስደውል ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ሳትኩ።

"ያረጋል የሚባል ልጅ አንቺ ጋ ገብቶ ነበር?"

"አዎ ጋሽ ገብረየስ፣ አራት ቀን እዚህ ነው የበላው። ዝምተኛ፣ ቀጭን ልጅ። ምነው?"

"ለምን አላቆምሽውም?"

"ስሙን መቼ አነበብክልኝ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። "ዛሬ ጠዋት ተሰናብቶኝ ወጣ። ኦምዱርማን፣ ሱቅ ሊቢያ የሚባለው ገበያ ነው መኪናቸው ያለው። ሾፌሩ ጁምዓን ሰግዶ ነው የሚነሳው ሲሉ ሰምቻለሁ። ያላ፣ ምን ትጠብቃለህ!"

ሰይፉ ደብተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ገባው። ላፕቶፑን እንደተከፈተ ትቶ ወጣና አስፋልቱ መሃል ቆሞ አምጃድ የሚሏትን ትንሽ ታክሲ አስቆመ፤ በዓመት አንዴ እንኳ ታክሲ የማይሳፈር ሰው ነው። አንተነህን ከሥራው ለመጥራት ጊዜ አልነበረንም። በሌላ ቀን ቢሆን ኩብሪው፣ የአባይ ድልድዩ ላይ ተጨናንቀን እንቀር ነበር፤ ጁምዓ በመሆኑ መንገዱ ባዶ ነው። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ማርያምን እለምናለሁ፣ ባለ አምጃዱ ኢንሻላህ ይላል፣ ሰይፉ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ መንገዱን ያያል።

ስንደርስ ሰው ከመስጊድ መውጣት ጀምሯል። የጭነት መኪናዎች ከገበያው ጀርባ ተደርድረዋል። ከሦስቱ ላይ ልጆች ተጭነዋል፤ ሁሉም ፊታቸውን በጨርቅ ስለጠቀለሉ አንዱን ካንዱ መለየት አይቻልም። የአንደኛው ሞተር ተነስቷል። ያን ጊዜ ነው ሰይፈሚካኤል፣ ያ ዝምተኛው ሰውዬ፣ ባለ በሌለ ድምፁ "ያረጋል! የሸዋዓለም ልጅ ያረጋል!" እያለ መኪና ለመኪና መሮጥ የጀመረው። ሹርጣ፣ ማለትም ፖሊስ መስሏቸው አንዳንዶቹ ጎንበስ አሉ። ሞተሩ ከተነሳው መኪና ላይ አንድ ጭንቅላት ቀና አለ።

"ማን ነህ አንተ?"

ሰይፉ ስልኬን ከእጄ ተቀብሎ ጎማው ላይ ወጣና ዘረጋለት። እየሮጥኩ ወረታ ደውዬ ነበር፤ እናቱ መስመር ላይ ናቸው።

ልጁ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ እናቱን አዳመጠ። ከዚያ ፊቱን የጠቀለለበትን ጨርቅ ወደ ታች ሳበና ወደ እኛ ዞረ። ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው።

"አንተነህ ካርቱም ነው ያለው ትለኛለች። እውነት ነው?"

"ጀብራ ነው" አልኩት። "ብሎኬት እየተሸከመ ነው። አልሄደም።"

"እኔ እኮ ቀድሞኝ የሄደ መስሎኝ ነው" አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። "እኔማ ከገዳሪፍ ልመለስ ነበር። ሊቢያ ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው።"

ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፤ "ኸላስ፣ ያላ!" አለ። ያረጋል የውሃ ጀሪካኑን አጠገቡ ለተቀመጠው ልጅ ሰጠና ወረደ። መኪናው ሄደ። ሰይፉ ትከሻውን ይዞት ቆሞ ነበር፤ ማን ማንን እንደደገፈ አላውቅም።

እትዬ ሸዋዓለም እኔን ስጡኝ ብለው ኖሮ ስልኩን ተቀበልኩ። ምርቃታቸውን አወረዱት፤ "ሁለቱንም አቆምክልኝ፣ ልጆችህን ያቁምልህ" አሉ። ዝም ብዬ ልቀበል ትንሽ ነበር የቀረኝ። አላስችል አለኝ። "እትዬ፣ የትንሹን ስም ሰርዤው ነበር። በኔ ጥፋት ሊያመልጥ ነበር። ያገኘው ሰይፈሚካኤል የሚባል ሰው ነው" አልኳቸው። "ምርቃቱን ለሁለት ተካፈሉት እንግዲህ" አሉኝ።

ወንድማማቾቹ ሱቄ በር ላይ ሲገናኙ የሆነውን አልጽፈውም፤ አሁንም ሳስበው እንባዬ ይመጣል። ሰይፉ በዚያው ከሰዓት በኋላ ያረጋል አጠገቡ ፉል እየበላ እርማቱን ላከ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ የማያውቀው ሰው "ተቀብለነዋል፣ እናመሰግናለን" ብሎ ጻፈለት። መልእክቱን አሥር ጊዜ አስነበበኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሻዩን በትኩሱ ጠጣ።

ደብተሩን እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ እያንዳንዱ ስም የየራሱ መስመር ያዘ። በሚቀጥለው ጁምዓ ለወይንሸት ስሞቹን አንብቤ ስጨርስ ማንም እናት ደውላ ያላስጻፈችውን አንድ ስም ጨመርኩ።

"ሰይፈሚካኤል" አልኳት። "ፋይሉ ድንገት ተፈትቶ ና ተነስ ቢሉት፣ እኔን ሳያነጋግር እንዳይሄድ።"

ሳቀች። "እሱ በየቀኑ አንተ ጋ አይደል የሚውለው?"

"ጻፊው ብቻ" አልኳት።

ትንሽ ቆይታ እስክሪብቶ ስትፈልግ ሰማኋት። "እሺ" አለች፣ "ጽፌዋለሁ።"