ከፋሲካ በኋላ የሚብሰው ሕመም

ይህን የምጽፈው ልጄ ሰብለ ከነገረችኝ፣ ሐኪሞች ከሰጡን ወረቀትና ከራሴ ትዝታ ነው። ትዝታዬ ዓመታቱን ያቀላቅልብኛል፤ ስለዚህ የሐኪሞቹን ንግግር ቃል በቃል ይዤዋለሁ አልልም።

መጀመሪያ ያስተዋልነው አረማመዷን ነው። የሰብለ ልጅ ማኅደር ቢቸና በሚገኘው ግቢያችን በእግሯ ጣቶች ትሄድ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ አለሚቱ፣ "አንቺ፣ ተረከዝሽን ለበዓል ቆጥበሽ ነው?" ሲሏት፣ "ለሠርጌ ነው!" ትላቸዋለች። እንስቅ ነበር።

ቆይቶ መውደቅ ጀመረች። የምታውቃቸው ቃላት ጠፉባት። ለጾም ዕድሜዋ ባይደርስም በሁዳዴ ቤቱ የሚበላውን ድንችና ጎመን ትበላ ስለነበር፣ ፋሲካ ሲደርስ እንድትጠነክር ብለን እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ እናበዛላት ነበር። ያስመልሳታል። "ጾም የከረመ ሆድ ነው፤ ይለምደዋል" እንላለን።

አንድ ዓመት በፋሲካ ማግስት ዘመድ ልንጠይቅ ሞጣ ሄድን። አስመለሳት። ተኛች። ጠራናት። አልነቃችም።

ሆስፒታል ያገኘናት ወጣት ሐኪም ግሉኮስ ሰቅላ፣ "መቼ መቼ ይብስባታል?" አለች።

"ሁልጊዜ ፋሲካን ተከትሎ ነው" አለች ሰብለ።

ሐኪሟ በጾሙና በፋሲካ ምን እንደምትበላ ጠየቀችን፤ ነገርናት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "አባባ፣ የሚጎዳት ጾሙ ሳይሆን ፍስኩ እንዳይሆን እፈራለሁ" አለችኝ።

አዲስ አበባ ላኩን። ከፕሮቲን የሚወጣው መርዝ፣ አሞኒያ፣ በደሟ ውስጥ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ወደ ውጭ አገር የተላከው የደም ናሙናም የአርጂኔዝ እጥረት መሆኑን አረጋገጠ። እንደገባኝ ከሆነ አርጂኔዝ ከፕሮቲን የሚገኘውን አርጂኒን በጉበት ውስጥ የሚሰብር ኢንዛይም ነው፤ እርሱ ሲጎድል አርጂኒን በደም ውስጥ እየተከማቸ ነርቭን ይጎዳል።

ዛሬ ማኅደር የምትበላው ፕሮቲን ተለክቶ ነው፤ አሞኒያውን የሚቀንስላትን መድኃኒት ሲገኝ ትወስዳለች፣ ሳይገኝ ደግሞ ሰብለ እርሱን ፍለጋ ስልክ ስትደውል ትውላለች። እግሮቿ ሙሉ በሙሉ አልተፍታቱም፤ ቃላቷ ግን አንድ በአንድ እየተመለሱ፣ ከእትዬ አለሚቱ ጋር እንደገና በቀልድ መመላለስ ጀምራለች። ደክሞናል፤ ቢሆንም ያችን ሐኪም ሳናመሰግን የምንውልበት ቀን የለም። እንዲህ ያለ ልጅ ላላችሁ የምመክረው፣ ምግብ በራሳችሁ ግምት አትከልክሉ፤ ልጁ ምን ሲበላ እንደሚብስበት አስተውላችሁ ለሐኪም ንገሩ።

ሕመሙ በዘር የሚወረስ ነውና ሐኪሟ በቤተሰባችን እንዲህ ያለ ልጅ ነበር ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። ታናሽ እኅቴ ሞጣ ውስጥ በሕፃንነቷ ሞታለች። በእግሯ ጣቶች ስትሄድ ትታየኛለች። ያ አረማመድ የራሷ ይሁን፣ ወይስ በትዝታዬ ከማኅደር ወስጄ የሰጠኋት፣ አላውቅም። የሚያውቋት ሁሉ አልፈዋል።