መንገዱን ያየች ድመት

ልጅ ሆኜ፣ ሉማሜ ሳለን፣ ቤታችን ውስጥ ያሉት አይጦች ከመብዛታቸው የተነሳ ዕድር ለማቋቋም ዳኛ መምረጥ ብቻ ነበር የቀራቸው። ጎረቤታችን እማማ ደብሬ የሞቱ ጊዜ፣ እናቴ ከቀብር መልስ ጆንያ ሰጥታ ድመታቸውን እንዳመጣ ላከችኝ። አይጡ ሰበብ ነበር። ድመቷ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ሁለት ጥርስ ቢቀራት ነው። አይጥ ልትይዝ ቀርቶ ሰላም ለማለትም ይደክማት ነበር።

በእኛ አገር ድመት ቤት ስትለውጥ መንገዱን እንዳታይ በጆንያ ትወሰዳለች፤ ካየች ትመለሳለቻ! «በገበያው በኩል ዙር፤ አደራ እንዳትከፍተው» ተብዬ ነበር።

እማማ ደብሬ ቆሎ እያፈሱ የሚሰጡኝ፣ ከእናቴ አርጩሜ የሚያስጥሉኝ ሰው ነበሩ። ቀብራቸው ላይ ግን አላለቀስኩም። እንደ ደነዘዘ እግር ሆኜ ቆሜ ዋልኩ። ድመቷን ተሸክሜ ዞሬ ዞሬ በራችን ላይ ስደርስ ጆንያው ዝም አለብኝ። እሷም ሞተች ብዬ ከፈትኩት። ራሷን አውጥታ፣ እንደ መሬት ቀያሽ ግራ ቀኙን ቃኝታ፣ የእማማ ደብሬን አጥር አየችው።

በማግስቱ እዚያው የተቆለፈው በር ሥር ተገኘች። ብናመጣት ተመለሰች፤ እህል አልቀምስ አለች።

«መንገዱን አይታለች መሰል?» አለች እናቴ።

«ኧረ እማዬ! እኔ ራሴ መቼ አየሁት!»

በአምስተኛው ቀን የጎድን አጥንቷ ሲቆጠር ግን አላስቻለኝም። «ዝም ስትልብኝ ጊዜ ከፈትኩት» አልኳት። አርጩሜውን ጠበቅኩ። እናቴ ወተት በሳህን ይዛ ወጣችና እዚያው የተቆለፈው በር ሥር አኖረችላት። ጠጣች። በማግስቱ እናቴ ሳህኑን አንድ እርምጃ ወደ እኛ አስጠጋችው፤ በሦስተኛውም ቀን ሌላ እርምጃ።

«አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ አካሄድ እኮ ለጥምቀት ትደርሳለች!» እያለ አባቴ ይስቅባት ነበር።

ክረምቱ ሲያልቅ ሳህኑ ደጃፋችንን አለፈ፤ ድመቷም ተከትላው ገባች። ያኔም አላለቀስኩም። ስትጠጣ አጠገቧ ቁጭ አልኩ፣ በቃ።

እናቴ አምና ስታርፍ፣ አባቴን በአንድ ጠዋት ሚኒባስ አሳፍሬ ደብረ ማርቆስ እኔ ቤት አመጣሁት። አልጋው ጥሩ ነው፤ የሰጡትን ይበላል። ጠዋት ጠዋት ግን ካፖርቱን ለብሶ በሩ ላይ ይቆማል።

«አባዬ፣ ወዴት ልትሄድ ነው?» እለዋለሁ።

«የትም» ይለኛል። ካፖርቱን ግን አያወልቅም።