አንድ ዓይኔ ብቻ የታየበት ሥዕል

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውሰውም። ሐይቁ ሞልቶ የነበረ ይመስለኛል፤ ባለቤቴ ግን "የለም፣ ጾም ሊገባ አካባቢ ነው" ትላለች። እሷ ካለች እሱ ይሁን።

ቤታችን ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ፣ ፋሲሎ የሚባል ሰፈር ነው። ከፋብሪካ ጡረታ ስወጣ በመንገዱ በኩል ሦስት ክፍል ሠርቼ አከራየሁ። አንዱን መሰንቆና ኦርጋን የሚያስተምር ሰው ያዘው፤ መካከለኛውን ልጆች የሚያስጠኑ መምህራን፤ ዳር ያለውን ደግሞ ሥዕል የሚያስተምር ጎልማሳ። ከሰዓት በኋላ ሦስቱም አንድ ላይ ሲጀምሩ ጉድ ነው። ከወዲህ መሰንቆው ያላዝናል፣ ከወዲያ ልጆቹ ማባዛት በዜማ ይሉታል፤ አንዳንዴም ይገጥማል። እኔ ከመሠረተ ትምህርት አላለፍሁም፤ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ ግን የሰባትን ብዜት እስከ መጨረሻው ያዝሁት።

አንድ ቀን የሥዕል መምህሩ መጣና፣

"አባባ፣ ለተማሪዎቼ ተቀምጦ የሚሣልልኝ ሰው ቀረብኝ። እርስዎ ይቀመጡልን" አለኝ።

"ምን ልሠራ?"

"ምንም። ዝም ብሎ መቀመጥ ነው።"

"እሱንማ ከጡረታ ወዲህ ስለማመደው ነው የኖርሁ" አልሁት።

መካከል ላይ አስቀምጠው ዙሪያዬን ከበው ሣሉኝ። አፍንጫዬን በላኝ፤ ቻልሁት። ሲያበቁ እየዞርሁ አየሁ። አንዱ ጆሮዬን አሳድጎታል፣ ሌላው ጢሜን ረስቶታል። በጎኔ በኩል ተቀምጣ የነበረችው ግን፣ ከአዳማ መጥታ እዚህ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ሴት ናት፣ የሣለችው እኔን ራሴን ነው። የግንባሬ መስመር፣ የጋቢዬ እጥፋት፣ ምንም አልቀራት። መምህሩም "እሑድ ሐይቁ ዳር ሥዕሎቻችንን ስናሳይ ይኼ ከፊት ይሰቀላል" አላት። ሥራዋ ሰው ፊት ሲወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። ፊቷ ሲበራ አይቼ እኔም ደስ አለኝ።

ሥዕሉን በስልኬ አንስታ ሰጥታኝ ስለነበር እራት ላይ ለባለቤቴ አሳየኋት። ስልኩን አራቀችው፣ አቀረበችው።

"ሌላው ዓይንህስ?"

"በዚያ በኩል ነው። ከጎን ስለሆነ አይታይም።"

"አንተ ሰውዬ፣ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ባንድ ዓይን የተሣለው ማን ነው?"

እውነቷን ነው። በሐይቁ ገዳማት ሥዕል ጻድቅ ሁሉ ፊቱን ወደኛ መልሶ፣ ሁለት ዓይኑ ወለል ብሎ ነው የሚታየው። በጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው፣ ጌታን የሰቀሉት ጭፍሮች ናቸው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሬ አውቃለሁ፤ ተቀምጬ ስሣል ግን ጭራሽ አልታሰበኝም።

"እሑድ ከቅዳሴ የሚወጣው ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፍ። ማኅበርተኞችህም" አለች። "ከይሁዳ ጋር መቼ ተዛመድህ ቢሉህ ምን ልትል ነው?"

እሷ ትስቃለች፤ እኔ የጠቀለልሁትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አኖርሁት።

በማግሥቱ "ይህን ሥዕል አትስቀይው" ልላት ወደ ሥዕል ክፍሉ ሄድሁ። ፍሬም አሠርታለት በጨርቅ ስትወለውል ደረስሁ።

"አባባ፣ እናቴ ለእሑድ ከአዳማ ልትመጣ ነው" አለችኝ። "ሥዕል ምን ሊያደርግልሽ ነው እያለች ነበር የምትቆጣኝ። አሁን ትየዋ።"

"ጎበዝ ነሽ" ብያት ተመለስሁ።

ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

"ነገርሃት?"

"አልነገርኋትም።"

"ድሮስ" አለችና ነጠላዋን አጣፍታ እሷው ሄደች።

ያለቻትን የሰማሁት ኋላ ከመምህሩ ነው። የሥዕሉን ነገር ስታስረዳት ሠዓሊዋ ደንግጣ "በቃ እተወዋለሁ፣ አልሰቅለውም" ብላ ነበር። ባለቤቴ ግን፣ "ምን ሲባል? ይልቅ እኔንም ሣይኝ። ፊቴን ግን ወደሱ መልሺው" ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ስትሣል አንዴም አፏን አልዘጋችም" አለኝ መምህሩ።

እሑድ ሐይቁ ዳር በሁለት ዛፎች መካከል ገመድ ተወጥሮ ሥዕሎቹ ተሰቀሉ። እኔና እሷ ጎን ለጎን ተሰቅለን፣ እሷም እንደኔ ባንድ ዓይን፣ ፊት ለፊት እየተያየን ከመሃል ዋልን። ከቅዳሴ የወጣው ሰው መጣ። ከማኅበርተኞቼ አንዱ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሽማግሌ፣ ዱላውን ተደግፎ ቆሞ አየኝ፤ ሥዕሉን ማለቴ ነው።

"አያ፣ ምነው ባንድ ዓይን ቀረህ?"

እኔ አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ ቀደመችኝ።

"ሁለተኛዋ እኔ ጋ ናት። ስንተያይ ነው የሣለችን።"

ሽማግሌው አንዴ የኔን፣ አንዴ የሷን ሥዕል አየ።

"ታዲያ በሥዕልም ልትቆጣው ነው እንዴ ያፈጠጠችበት?"

የቆመው ሁሉ ሳቀ። ያዳማዋ እናት ምን እንደሆነ ጠይቃ ሲነገራት እሷም ሳቀች፤ የልጇን ትከሻ አቅፋ ሥዕሎቹን ደጋግማ አየች። ስለ ይሁዳ ከዚያ ወዲያ ማንም አላነሣብኝም።

እኔ "አትስቀይው" ማለት አቅቶኝ ከተመለስሁበት ነገር፣ የልጅቱንም ሥዕል የኔንም ስም ጠብቃ ያወጣችኝ ባለቤቴ ናት።