ግድግዳው ላይ ያለው ፈረንሳዊ

የአረጋውያን ተንከባካቢ፣ ኬረር ሆኜ የምሠራው ለንደን ውስጥ ክላፋም፣ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ቤት ነበር። ጠዋት ጠዋት እግራቸውን ሳጥባቸው ፎቶው ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለው ጺማም ፈረንሳዊ ያወሩልኛል። ቅድመ አያታቸው ናቸው። አሜሪካ የገቡት ያለ ወረቀት፣ መርከብ ውስጥ ተደብቀው ነው፤ ወደቡ ላይ ሲጠየቁም የፈጠራ ስም ሰጡ። ከዚያ ዘጠኝ ልጅ ወልደው መሬት አቀኑ። ሴትዮዋ "ጀግና ነበሩ" ሲሉኝ እኔም አዎ እላለሁ።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ስሰደድ ጥያት የወጣኋትን ልጄን ለማምጣት አፕላይ አድርጌ ነበር። አንድ ቀን ከኢሚግሬሽን የእምቢታ ደብዳቤ ደረሰኝ። የእናትና የልጅ ስም አይመሳሰልም ይላል። እንዴት ብሎ ይመሳሰል! እኔ የምጠራው በአባቴ ስም፣ እሷም በአባቷ። አገሩ በሙሉ እንዲህ ነው የሚጠራው።

ደብዳቤውን ይዤ ሄጄ የሴትዮዋን እግር አጥቤ ሳደርቅላቸው አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና፣ "አይፈረድባቸውም የኔ ልጅ፤ ለመግባት ሲል የማይዋሽ የለም" አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ፎጣውን ወርውሬ ብድግ አልኩና አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን፣ በልጅነቴ እንዳስጠኑኝ በየስማቸው እየጠራሁ እስከ ሰባት ቤት ቆጠርኩላቸው። ልጄም ትቆጥራቸዋለች፤ በስልክ አስጠንቻታለሁ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ጠቆምኩ።

"የእሳቸውስ አባት ማን ይባላሉ?"

ሴትዮዋ ቀና ብለው ፎቶውን አዩት። እንኳን የአባቱን፣ የሰውዬውንም እውነተኛ ስም አያውቁትም።